የመኖሪያ ሠፈር ፍሳሽ ውሃን በአነስተኛ ማጣሪያ አጥርቶ ለአትክልት መስኖ ስለማዋል

ለልማት ሠራተኞችና ለአትክልት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በከተሞቻችን ዳርቻ የሚገኙ ብዙ የአትክልት ማሳዎች የሚጠጡት ከተማው የተጠቀመበትን ውሃ ነው። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና ቀይ ሥር የሚያለሙ ገበሬዎች ለብዙ ዘመን ሲጠቀሙ የኖሩት በዚሁ ውሃ መሆኑ የታወቀ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች (ኮንዶሚኒየም) በብዛት ሲሠሩ፣ ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኙ ሠፈሮች በየራሳቸው ሴፕቲክ ታንክ እንዲጠቀሙ ሆኗል። ታንኩ ሲሞላ ትርፉ የሚወርደው ወደ ተዳፋቱ ሲሆን፣ በተዳፋቱ ሥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የአትክልት ማሳ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ ሁለት ቀላል መልሶች ይቀርቡለታል። አንደኛው «በዚህ ውሃ አትጠቀሙ» ብሎ መሄድ ነው። ነገር ግን በበጋ ሌላ ውሃ የሌለው ገበሬ ቀን የተከለከለውን ሌሊት ያጠጣል። ሁለተኛው «ከዚህ በፊትም ስትጠቀሙበት ኖራችኋል» ብሎ ዝም ማለት ነው። ይህም በሽታውን በገበያው ሁሉ መዝራት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ነዋሪዎችና አትክልት አምራቾች ተባብረው በአነስተኛ ወጪና ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ማጣሪያ አቁመው፣ ውሃውን ለተስማሚ ሰብል የሚያውሉበትን ዘዴ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እዚህ የተገለጸው ዘዴ ከመኖሪያ ቤት ብቻ ለሚወጣ ፍሳሽ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ፣ ከጋራዥ፣ ከማቅለሚያ ቤት ወይም ከሕክምና ተቋም የሚወጣ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት አይሠራም። ከባድ ማዕድናት በመጠራቀማቸው ብዛት ምድሩንና ሰብሉን ይመርዛሉ እንጂ እንደ ተዋህስያን በጊዜ ብዛት አይሞቱም።

2. የጠራ ውሃ ሁሉ የዳነ አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደጋ ከተማ ዳርቻ፣ ከጋራ መኖሪያ ቤቶች በታች የሚያለማ የአትክልት አምራቾች ማኅበር ለምክር ጠርቶኝ ነበር። ከታንኩ የሚወጣው ትርፍ ውሃ በድንጋይ መካከል ሲወርድ ቆይቶ ማሳው ዘንድ ሲደርስ እጅግ የጠራ ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አሳዩኝና «ልጄ፣ ውሃው እንዲህ ከጠራ ዳነ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ጥራቱን አይቼ፣ ሽታው አነስተኛ መሆኑን ተመልክቼ፣ «ለቆስጣም ለሰላጣም ይሆናል» ብዬ መለስኩላቸው።

ቆይቶ የውሃው ናሙና በላቦራቶሪ ሲታይ የወስፋት እንቁላል ተገኘበት። ታንኩ ሲከፈት ደግሞ ከተሠራ ጀምሮ አንድም ጊዜ ተመጦ የማያውቅ፣ እስከ አፉ በዝቃጭ የተሞላ ሆኖ አገኘነው። በዚያ በጋ ሰላጣው ለገበያ ወጥቶ ተሽጧል። ስሕተቴን ለአባላቱ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። በማሳው ላይ የቀረውን ሰላጣ ነቀሉት፤ ገቢያቸውም ተጓደለ። ሰብሳቢዋም «እንግዲህ ምን እንሥራበት?» አሉኝ። ከዚህ በታች የተጻፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

የወስፋት እንቁላል በዓይን አይታይም፤ ውሃውንም አያደፈርስም። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ጠንካራ ልባስ ስላለው እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በብርጭቆ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ነገር ግን እንቁላሉ ከውሃ የከበደ ስለሆነ ውሃው በቂ ቀን ካረፈ ይዘቅጣል። ባክቴሪያም ቢሆን በፀሐይ ብርሃን፣ በምግብ እጥረትና በጊዜ ብዛት ይሞታል። የአነስተኛ ማጣሪያ ምስጢሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ለውሃው ቀን መስጠት።

3. ፍሳሽ ውሃ የያዘው ጥቅምና ጉዳት

ፍሳሽ ውሃ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። በውስጡ የሚገኙት ጥቂት ነገሮች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

ሀ) የሚበሰብስ ነገር፦ ዓይነ ምድር፣ የምግብ ትራፊ፣ ቅባትና ሳሙና ናቸው። ይህ ክፍል ሳይቀነስ ማሳ ከገባ አፈሩን ይደፍናል፤ ይሸታል፤ ዝንብም ይስባል።

ለ) ለሰብል ምግብ የሚሆን፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታስየም ናቸው። ለምሳሌ በ1 ሊትር 40 ሚሊግራም ናይትሮጅን የያዘ ውሃ 1,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ ለማሳው 40 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። ይህም በግምት 87 ኪሎ ግራም ዩሪያ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። በመሆኑም በዚህ ውሃ የሚለማ ማሳ ላይ ዩሪያ እንደ ወትሮው መጨመር ገንዘብን ማባከን ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፤ ቲማቲምና ድንች ግን ፍሬው ያንሳል፤ ይዘገያልም።

ሐ) በሽታ አምጪ፦ ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ አሜባ፣ የወስፋትና የኮሶ ትል እንቁላል ናቸው።

ስለ ኮሶ ልዩ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በፍሳሽ አማካይነት ሣር ላይ ካረፈ፣ ሣሩን የበላ ከብት ሥጋው ውስጥ እጩን ይይዛል። ያንን ሥጋ ጥሬውን ወይም ለብለብ አድርጎ የበላ ሰው ኮሶ ይይዘዋል። ጥሬ ሥጋና ክትፎ በሚወደድበት አገራችን ከብትን ባልተጣራ ፍሳሽ ዳር ማሰማራትና ከዚያ ማጠጣት ትልቅ ጥፋት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት የሚውል ውሃ በ1 ሊትር ከ1 የትል እንቁላል፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደግሞ ከ1,000 የዓይነ ምድር ባክቴሪያ (ኮሊፎርም) እንዳይበልጥ መክሯል። በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ሥራውን ሁሉ በማጣሪያው ላይ አይጥልም። ማጣሪያው፣ የሰብሉ ምርጫ፣ የአጠጣጡ ዘዴ፣ ከመጨረሻው ውሃ እስከ መሰብሰቢያው ያለው ቀን፣ ማጠቡና ማብሰሉ እየተደራረቡ በሽታውን እንዲከላከሉ ያደርጋል። ይህ አሠራር ለእኛ አገር ሁኔታ የሚስማማ ነው።

4. የማጣሪያው ክፍሎች

አነስተኛ ማጣሪያ በተከታታይ የሚሠሩ ሦስት ክፍሎች አሉት።

4.1 ሴፕቲክ ታንክ። ከቤቶቹ የመጣው ፍሳሽ መጀመሪያ የሚያርፍበት ክዳን ያለው ገንዳ ነው። ከባዱ ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ መካከለኛው ውሃ ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ታንክ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ከሚበሰብሰው ነገር የሚቀንሰው ከሲሶ እስከ ግማሽ ገደማ ሲሆን በሽታ አምጪዎቹን አይጨርስም። በሁለተኛው ክፍል የተገለጸው ስሕተት የደረሰው ታንክን እንደ ሙሉ ማጣሪያ ከመቁጠር ነው።

4.2 የጠጠር መደብ። ወለሉ ውሃ በማያሳልፍ ነገር የተነጠፈ፣ ጠጠር የተሞላና ውሃ ወዳድ ተክል የተተከለበት ጥልቀት የሌለው ገንዳ ነው። ውሃው ከጠጠሩ ገጽ በታች በዝግታ ያልፋል። በጠጠሩና በሥሩ ላይ የሚኖሩ ተዋህስያን የሚበሰብሰውን ይመገቡታል። ውሃው ወደ ላይ ስለማይታይ ሽታውና ትንኙ አነስተኛ ነው። ለተከላ በአገራችን በብዛት ከሚገኙት ደንገል፣ ፊላ፣ ሸምበቆና ቄጤማ ይስማማሉ።

4.3 የማረፊያ ኩሬ። ከጠጠሩ የወጣው ውሃ በፀሐይ ብርሃን የሚያርፍበት ሁለት ተከታታይ ኩሬዎች ናቸው። የቀረው እንቁላል እዚህ ይዘቅጣል፤ ባክቴሪያውም በብርሃን ይሞታል። በአዲስ አበባ በ1970ዎቹ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያም ለብዙ ዓመታት የሠራው ፍሳሹን በተከታታይ ኩሬዎች በማሳረፍ ነበር። የእኛው ልዩነት ትንሽ መሆኑና ለሠፈር መሆኑ ብቻ ነው።

5. መጠኑን ማስላት

ምሳሌ፦ 40 ቤተሰብ ያለበት ሠፈር፣ በቤተሰብ 5 ሰው ቢታሰብ 200 ሰው ይሆናል። አንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ውሃ ተጠቅሞ 80 ከመቶው ወደ ፍሳሽ ቢሄድ 48 ሊትር ነው። 200 ሰው × 48 ሊትር = 9,600 ሊትር፤ ለሒሳብ እንዲቀል በቀን 10 ሜትር ኩብ እንበል።

ሀ) ታንክ። ውሃው 2 ቀን እንዲያርፍ 20 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። የአንድ ሰው ዝቃጭ በዓመት 40 ሊትር ቢታሰብ ለ200 ሰው በ3 ዓመት 24 ሜትር ኩብ ይሆናል። ድምሩ 44 ነው። የውሃው ጥልቀት 1.80 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 8.40 ሜትር የሆነ ታንክ ወደ 45 ሜትር ኩብ ይይዛል። በግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ የመጀመሪያው ክፍል 5.60 ሜትር፣ ሁለተኛው 2.80 ሜትር ይሁን። ከውሃው በላይ እስከ ክዳኑ 30 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተው።

ለ) የጠጠር መደብ። ለደጋ አገር ለአንድ ሰው 2.5 ካሬ ሜትር ቢታሰብ 500 ካሬ ሜትር ነው። ይህንንም 16 ሜትር በ16 ሜትር በሆኑ ሁለት መደቦች ማድረግ ይቻላል። ሁለት መሆኑ አንዱ ሲጠገን ሌላው እንዲሠራ ይረዳል። ውሃው የሚገባበት ወርድ ሰፊ መሆኑን ልብ ይሏል። ጠባብና ረጅም የሆነ መደብ መግቢያው ላይ ቶሎ ይደፈናል።

ሐ) ኩሬ። ውሃው በእያንዳንዱ 10 ቀን እንዲያርፍ 100 ሜትር ኩብ የሚይዙ ሁለት ኩሬዎች ያስፈልጋሉ። ጥልቀቱ 1 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሆናል። በ10 ቀን ማረፍ ከትል እንቁላሉ 99 ከመቶ ያህሉ ይዘቅጣል ተብሎ ይገመታል።

በዚህ ስሌት ውሃው በታንኩ 2 ቀን፣ በጠጠሩ 12 ቀን ገደማ፣ በኩሬዎቹ 20 ቀን ይቆያል። ከቤት ወጥቶ ማሳ እስኪደርስ ከአንድ ወር በላይ ሆነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን ያህል መሬት ይለማል? መደቡና ኩሬዎቹ በትነት በቀን 3 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚያጠፉ ለማሳ የሚተርፈው ወደ 7 ሜትር ኩብ ነው። በበጋ አትክልት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢፈልግና በቦይ የሚጠፋው ቢጨመር ውሃው የሚበቃው ለ1,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ይህ ብዙ አይደለም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ማጣሪያውን በመስኖው ትርፍ ብቻ እንዲያስተዋውቅ አይመከርም። ዋናው ትርፍ በተዳፋቱ ሥር ያለው ማሳ፣ ምንጭና ወንዝ በሙሉ ከብክለት መዳናቸው ነው።

6. አሠራር

1ኛ. ቦታው ከመኖሪያው ዝቅ፣ ከማሳው ከፍ ያለ ይሁን። ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ከሥራው በፊት የአካባቢው የውሃና ፍሳሽ እንዲሁም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠየቅ።

2ኛ. የጣራና የግቢ ጎርፍ ከፍሳሹ ቱቦ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። አንድ ቀን የጣለ የሐምሌ ዝናብ የታንኩን ዝቃጭ ጠርጎ ወደ ጠጠሩ ሊከተው ይችላል።

3ኛ. ታንኩ ውሃ እንዳያፈስ በሲሚንቶ በሚገባ ይለሰን። መግቢያውና መውጫው ላይ «ቲ» ቅርጽ ያለው ቱቦ ቁልቁል ይግባ፤ አለዚያ የተንሳፈፈው ቅባት አብሮ ይወጣል። በየክፍሉ ላይ ማንሆል ይኑር፤ የጋዝ መውጫ ቱቦም ይደረግ። ፍሳሽ የሚመጥ ቦቴ መኪና የሚቀርብበት መንገድ ካልተተወ ታንኩ መቼም አይመጠጥም።

4ኛ. የመደቡ ወለል በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ መውጫው ያዘቅዝቅ። ወለሉና ግድግዳው በተጠቀጠቀ የሸክላ አፈር ወይም በጂኦሜምብሬን ይሸፈን። በመግቢያና በመውጫው በኩል ከ40 እስከ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ድንጋይ፣ በመካከል ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የታጠበ ጠጠር ይሞላ። ያልታጠበ ጠጠር ገና ሥራ ሳይጀምር በአቧራው ይደፈናል።

5ኛ. የውሃው ከፍታ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ጠጠሩ ደግሞ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከፍታውን ለመወሰን በመውጫው ላይ የሚታጠፍ ክርን ቱቦ (ቧንቧ ሠሪዎች ጎሚቶ የሚሉት) ይገጠም።

6ኛ. ተክሉ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በካሬ ሜትር 4 ሆኖ ይተከል። ሥር እስኪሰድ ውሃው እስከ ጠጠሩ ገጽ ይጠጋ፤ ከዚያ ዝቅ ይደረግ።

7ኛ. ኩሬዎቹ በአጥር ይከለሉ። የልጆች መዋኛ፣ የልብስ ማጠቢያና የከብት መጠጫ እንዳይሆኑ በግልጽ ይነገር። ዳርና ዳሩ ላይ የሚበቅለው ሣር የወባ ትንኝ መራቢያ ስለሚሆን ይጨድ።

8ኛ. ክረምት ሲሆን መስኖ አያስፈልግም፤ ፍሳሹ ግን አይቆምም። ስለዚህ ከሁለተኛው ኩሬ ትርፉ የሚወርድበት ሣር የለበሰ ቦይ ይዘጋጅ።

7. ጥበቃ፤ ማጣሪያው የሚሞተው በምን ነው?

ብዙዎቹ ማጣሪያዎች የሚበላሹት በአሠራር ጉድለት ሳይሆን ታንኩ በጊዜው ባለመመጠጡ ነው። ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በምሳሌያችን በ3ኛው ዓመት ዝቃጩ 24 ሜትር ኩብ ሲሆን ለውሃው 21 ሜትር ኩብ ይቀራል፤ 2 ቀን ያርፋል። እስከ 5ኛው ዓመት ቢተው ግን ዝቃጩ 40 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ለውሃው የሚቀረው 5 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። 10 ሜትር ኩብ በየቀኑ ሲገባበት ውሃው ግማሽ ቀን እንኳ ሳያርፍ ዝቃጩን ይዞ ወደ ጠጠሩ ይሄዳል። የተደፈነ መደብ ለማዳን ከ300 ሜትር ኩብ በላይ ጠጠር አውጥቶ ማጠብ ያስፈልጋል። የአንድ ቀን ቦቴ ኪራይ ለመቆጠብ ሲባል የዓመታት ድካም ይጠፋል።

የዝቃጩን ከፍታ ለመለካት ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ነጭ ፎጣ ተጠምጥሞበት እስከ ታንኩ ወለል ይውረድ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቀስ ተብሎ ሲወጣ ፎጣው የጠቆረበት ከፍታ ዝቃጩ የደረሰበት ነው። ይህ በየ6 ወሩ ይደረግ። ዝቃጩ የውሃውን ጥልቀት ግማሽ ሲቃረብ፣ ማለትም በምሳሌያችን 90 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ታንኩ ይመጠጥ። ሲመጠጥ ጥቂት ዝቃጭ ይተው፤ ለአዲሱ እንደ እርሾ ያገለግላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ማንም ሰው ወደ ታንክ አይውረድ፤ ባዶ ቢሆንም አይውረድ። በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይገድላል። የወደቀውን ለማውጣት የገባ ሰው ተከትሎ መሞቱ የተለመደ አደጋ ነው። በማንሆሉ አጠገብ ሲጋራም ክብሪትም አይለኮስ።

የተመጠጠው ዝቃጭ ወደ ተፈቀደለት ማስወገጃ ይሂድ። በማኅበሩ ይዞታ ማድረቂያ ካለ ደርቆ በደጋ አገር ቢያንስ 2 ዓመት ሳይነካ ሳይቆይ ለማሳ አይዋል። የወስፋት እንቁላል ከሁሉ በብዛት የሚገኘው በዝቃጩ ውስጥ መሆኑ አይዘንጋ።

ነዋሪዎች ወደ ቱቦው መጣል የሌለባቸው፦ ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ ፕላስቲክ፣ የጠላ አተላ፣ የተረፈ ዘይትና ብዙ በረኪና ናቸው። በረኪና ሽንት ቤቱን ያነጣል፤ ታንኩ ውስጥ የሚሠሩትን ተዋህስያን ግን ይገድላል። አተላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሲፈስ የብዙ ሰው ፍሳሽ ያህል የሚበሰብስ ነገር ይጨምራል። በየወጥ ቤቱ መውጫ የቅባት ማጥመጃ ይኑር፤ በየሳምንቱም ይጠረግ።

8. በተጣራው ውሃ ምን ይለማ? እንዴትስ ይጠጣ?

ሀ) ከሁሉ የተሻለው፦ የዛፍ ችግኝ፣ ጌሾ፣ የአበባ ችግኝ፣ ለዘር የሚያዝ ሰብል።

ለ) የሚስማማ፦ በቆሎ፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመንና ቀይ ሥር፣ ማለትም ተበስለው የሚበሉ። ቆስጣም ከዚህ ይመደባል። ይሁን እንጂ ድንችና ቀይ ሥር ከአፈር ጋር ስለሚውሉ ከመሸጣቸው በፊት በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ።

ሐ) በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ የማይለማ፦ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ እንዲሁም ጥሬውን የሚበላ ማንኛውም አትክልት። ማረጋገጫው የዓለም ጤና ድርጅት ልክ ነው፤ የአንድ ጊዜ ውጤትም አይበቃም፤ በበጋውና በክረምቱ መግቢያ ይደገም።

አጠጣጡም የሰብሉን ያህል ይመዝናል። ቅጠል ላይ በባልዲ ወይም በማጠጫ መርጨት ከሁሉ የከፋ ነው። በቦይ ሥር ሥሩን ማጠጣት ይሻላል። ውሃው ተጣርቶ ቱቦ የማይደፍን ከሆነ የጠብታ መስኖ ከሁሉ ይበልጣል። ውሃው ከሁለተኛው ኩሬ፣ ከወለሉ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ይቀዳ። ወለሉ ሲነካ የዘቀጠው እንቁላል ተመልሶ ይነሳል። ከመሰብሰቡ በፊት ቢያንስ ለ7 ቀን በዚህ ውሃ አይጠጣ። ቅጠሉ የሚጠወልግ ከሆነ ለመጨረሻው ሳምንት የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ይያዝለት። የተሰበሰበውን አትክልት እዚያው ኩሬ ውስጥ አጥቦ ማሳመር የቀደመውን ድካም ሁሉ ያፈርሳል።

ከጠጠር መደቡ የሚታጨደው ተክል ውሃው ከገጽ በታች ስለሚሄድ ለክዳንና ለጉዝጓዝ ሊያገለግል ይችላል። ከብት ግን መደቡ ላይ አይሰማራ።

9. የሠራተኛው ጤና

ከማንም በፊት በሽታው የሚያገኘው አጠጪውን ነው። በባዶ እግር መግባት ለመንጠቆ ትል ያጋልጣል። ቦት ጫማና ጓንት የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ይገዛ፤ ውሃና ሳሙና በማሳው ዳር ይቀመጥ። ሕፃን የሚያዝሉ እናቶች ሕፃኑን በቦዩ ዳር እንዳያስቀምጡ ይመከሩ። አባላቱና ልጆቻቸው በየጊዜው እንዲመረመሩና የትል መድኃኒት እንዲወስዱ የልማት ሠራተኛው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ይነጋገር።

10. የነዋሪዎችና የአምራቾች ስምምነት

ማጣሪያው ሁለት ባለቤቶች አሉት። ከላይ ያሉት ነዋሪዎች ፍሳሹ ከዓይናቸው ከራቀ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ከታች ያሉት አምራቾች ደግሞ ታንኩን የማስመጠጥ መብትም ገንዘብም የላቸውም። በሁለቱ መካከል የጽሑፍ ስምምነት ካልተደረገ ማጣሪያው ባለቤት የሌለው ሆኖ ይቀራል። በስምምነቱ ቢያንስ የሚከተሉት ይካተቱ፦

- ለታንክ ማስመጠጫ እንደ ዕድር መዋጮ በየወሩ ከየቤቱ የሚሰበሰብ ገንዘብ፤ በተለየ የባንክ ሒሳብ የሚቀመጥ፤
- ዘንጉን በየ6 ወሩ የሚያወርድ፣ ውጤቱን በመዝገብ የሚጽፍ አንድ የነዋሪ፣ አንድ የአምራች ተወካይ፤
- የመደቡንና የኩሬውን ጽዳት አምራቾች፣ የቱቦውንና የታንኩን ጥገና ነዋሪዎች የሚሸፍኑ መሆኑ፤
- መደቡ ሲደፈን ወይም ታንኩ ሲያልፍ መስኖ የሚቆምበት ደንብ፤ ይህን የመወሰን ሥልጣንም የማን እንደሆነ፤
- መዝገቡን ማንኛውም አባልና አትክልቱን የሚገዛ ነጋዴ ማየት የሚችል መሆኑ።

11. ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው ወደ እንዲህ ያለ ማሳ ሲሄድ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ይጠይቅ።

1) ፍሳሹ ከመኖሪያ ቤት ብቻ ነው?
2) ታንኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተመጠጠው መቼ ነው? መዝገቡስ የት አለ?
3) ውሃው ከቤት ወጥቶ ማሳ እስኪደርስ ስንት ቀን ያርፋል?
4) የሚለማው ሰብል ተበስሎ የሚበላ ነው ወይስ ጥሬውን?
5) የሚያጠጣው ሰው እግሩ ላይ ምን ለብሷል?

ለአምስቱም አጥጋቢ መልስ ካገኘ ማኅበሩን ያበረታታ፤ ካላገኘ የጎደለው እስኪሟላ የሚለማውን ሰብል ወደ «ሀ» ምድብ እንዲለውጡ ይምከር እንጂ ማሳውን ጥለው እንዲሄዱ አያድርግ። ያች የማኅበር ሰብሳቢ ያነሱት ብርጭቆ የውሃውን መልክ እንጂ የውሃውን ጤና አያሳይም። ለፍርዱ የሚያስፈልገው ነጭ ፎጣ የተጠመጠመበት ዘንግና የቀን ቆጠራ ነው።